ጥልቅ ሐይቅ ላይ የሚይዝ መልህቅ ከገመዱ ጀምሮ እንዴት ይመረጣል?

ሻላ ሐይቅ በጥልቁ ቦታ ወደ 266 ሜትር ይወርዳል። እዚያ መሐል ላይ ጀልባዬን በመልህቅ ላቁም የሚል ሰው በትንሹ 800 ሜትር ገመድ ያስፈልገዋል፤ ያንን ሁሉ በየቀኑ ለቆ መልሶ በእጁ የሚስብ የለም። ስለዚህ መልህቅ የሚመርጥ ሰው ሱቅ ገብቶ ስለ ኪሎ ከመጠየቁ በፊት መልህቁን የሚጥለው በስንት ሜትር ውሃ ላይ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ከዚያ ገመዱን፣ ቀጥሎ የሐይቁን ወለል፣ በመጨረሻም ብረቱን ይመርጣል። ብዙዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ከባድ ብረትና አጭር ገመድ ይዘው ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጀልባው ብረቱን እየጎተተ ይሄዳል።

መልህቅ የሚይዘው ጥፍሩ መሬት ውስጥ ሲቀበር ነው። ለመቀበር ደግሞ በአግድም መጎተት አለበት። ገመዱ አጥሮ ሽቅብ ከሳበው ጥፍሩ ይነቀላል፣ ብረቱም በወለሉ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ውሃው በጠለቀ ቁጥር ገመዱ እየቆመ ስለሚሄድ ጣና ላይ ያለችግር የሚያገለግል መልህቅ ላንጋኖ ላይ ሊከዳ ይችላል።

የሐይቆቹን ልዩነት ለማየት ያህል፦ ጣና በጥልቁ ቦታ ወደ 14 ሜትር፣ ሐዋሳ ወደ 22፣ ላንጋኖ ወደ 47፣ ባቦጋያ ወደ 65፣ የቢሾፍቱ ሐይቅና የወሎው ሐይቅ (የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት) ሁለቱም ከ80 ሜትር በላይ ናቸው። ሰው ሠራሾቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፤ የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ስለሆነ ከኋላው ያለው ውሃ ገደል የሞላ ውሃ ነው።

1. ጥልቀቱን ለኩ

የዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ ያለው ሰው ቁጥሩን ከመስታወቱ ያነባል። ለሌላው ሁሉ ገመድና ክብደት ይበቃል። ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን እርሳስ ወይም ወፍራም የብረት ቁራጭ ይፈለጋል። የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ (ናይሎን ስለሚለጠጥ ለዚህ አይሆንም) ይታሰርበትና በየ2 ሜትሩ አንድ ዓይነት፣ በየ10 ሜትሩ ሌላ ዓይነት ቀለም ያለው ክር ይቋጠርበታል። ምልክቱ ገመዱ ከረጠበ በኋላ ቢደረግ ይሻላል፤ ደረቅ ገመድ ሲርስ ርዝመቱ ይቀየራል።

ክብደቱ በቀጥታ ወደ ታች ይለቀቃል። ገመዱ ሲላላ አንድ ጊዜ ብድግ፣ እንደገና ዝቅ ተደርጎ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ምልክቱ ይነበባል። ጀልባው በነፋስ እየሄደ ከሆነ ገመዱ ስለሚያጋድል ቁጥሩ ከእውነቱ ይበልጣል።

አሁን አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ፤ እንዳትዘሉት። በክብደቱ ሥር ጉድጓድ ተበስቶ ሞራ ይመረግበታል። ወለሉን ነክቶ ሲወጣ አሸዋ ከሆነ አሸዋው፣ ጭቃ ከሆነ ጭቃው ሞራው ላይ ተጣብቆ ይመጣል። ምንም ሳይዝ ሞራው ተፍቆ ወይም ተጎድቶ ከወጣ ከታች ያለው ዓለት ነው። ይህ ለመልህቅ ምርጫ ከጥልቀቱ ቁጥር እኩል ይጠቅማል።

መለካቱ የሚደረገው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ከዳር ትንሽ እንደተራቁ ዘጭ ብለው ስለሚወርዱ ከጀልባው አፍንጫና ከኋላው በሚወሰድ ልኬት መካከል እንኳ ልዩነት ሊኖር ይችላል። መልህቁ በሚጣልበት ዙሪያ ቢያንስ አራት ቦታ ይለካ። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ከሆኑ ወለሉ ሜዳ ነው፤ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ 3 ወይም 4 ሜትር ከተለያዩ ቁልቁለት ነው። ስለ ቁልቁለት ከታች ለብቻው እንመለስበታለን።

ለዓሣ አስጋሪ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ዜና አለ። እንደ ባቦጋያ ባሉ ጥልቅ ሐይቆች የላይኛውና የታችኛው ውሃ አብዛኛውን ዓመት ስለማይደባለቅ ታች ያለው ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ የሚወጣ ጥቁር ጭቃ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኦክስጅን በሌለበት ዓሣ አይኖርም፤ ቆሮሶውም የሚበዛው ወደ ዳር ነው። እንግዲህ በ60 ሜትር ውሃ ላይ መልህቅ ለመጣል የሚያስገድድ ነገር እምብዛም የለም። ከ8 እስከ 20 ሜትር ያለው ጠርዝ ተፈልጎ መልህቁ ለዚያ ቢዘጋጅ ገንዘብም ጉልበትም ይተርፋል።

2. ገመዱን ምረጡ

ስሌቱ እንዲህ ነው። የውሃው ጥልቀትና ገመዱ የሚታሰርበት የጀልባው አፍንጫ ከውሃ በላይ ያለው ከፍታ ይደመራሉ፣ ድምሩ እንደ ሁኔታው በ3፣ በ5 ወይም በ7 ይባዛል። ሰው ጀልባው ላይ ተቀምጦ ነፋሱም ቀላል ሲሆን 3 እጥፍ ያስኬዳል። ለተለመደው የቀን ሥራ 5 እጥፍ፣ ለአዳር ወይም ለማዕበል 7 እጥፍ ያስፈልጋል።

ውሃው 12 ሜትር፣ አፍንጫው 1 ሜትር ቢሆን ድምሩ 13 ነው። 3 እጥፉ 39 ሜትር፣ 5 እጥፉ 65፣ 7 እጥፉ 91 ሜትር ይሆናል። ውሃው 40 ሜትር ከሆነ 5 እጥፉ ብቻ 205 ሜትር ይመጣል።

እጥፉ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ገመዱ ቀጥ ብሎ ሲወጠር በ7 እጥፍ ከወለሉ 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይነሣል፤ በ5 እጥፍ ወደ 12፣ በ3 እጥፍ ወደ 20፣ በ2 እጥፍ 30 ዲግሪ ይሆናል። በ5 እጥፍ የሚወጣ ገመድ ከመልህቁ ሙሉ የመያዝ አቅም ሦስት አራተኛ ያህሉን ያስገኛል፤ በ3 እጥፍ ግማሽ ያህሉ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በታች ቢወርድ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ጀልባ በአንድ ትልቅ ማዕበል ሊያመልጥ ይችላል። በጣም ጥልቅ በሆነ ቦታ ረጅሙ ናይሎን እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ድንገተኛውን መንጨት ስለሚያበርድ ቀን ቀን፣ ሰው ባለበት፣ 4 እጥፍ ይበቃል እንላለን። ለአዳር ግን አይሆንም።

የገመዱ ዓይነት ናይሎን ነው። ናይሎን ይለጠጣል፣ ውሃ ውስጥም ይሰምጣል። በየገበያው የሚሸጠው ሰማያዊና ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ (ፖሊፕሮፒሊን) ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈ ገመድ መልህቁን ሽቅብ ይስበዋል፣ የሚያልፍ ጀልባ ሞተርም ይጠመጥመዋል፣ ፀሐይም ቶሎ ትጨርሰዋለች። እሱን ለመረብ ማሰሪያ መተው ነው።

ውፍረቱ እስከ 6 ወይም 7 ሜትር ርዝመት ላለው ጀልባ 10 ሚሊሜትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 9 ሜትር 12 ሚሊሜትር ይሁን። 10 ሚሊሜትር አዲስ ናይሎን የሚበጠሰው ወደ 2 ቶን ሲደርስ ነው፤ ሆኖም ቋጠሮ ብቻውን ከጥንካሬው እስከ ግማሹ ይቀንሳል፣ ፀሐይና አሸዋ ደግሞ በየጊዜው ይበሉታል፤ ስለዚህ በሥራ ላይ ከአምስት አንዱን ብቻ እንደሚችል ተደርጎ ይታሰብ። ከ10 ሚሊሜትር በታች የሆነ ገመድ ቢችልም እንኳ እጅ ይቆርጣል፤ 40 ሜትር ከሳባችሁ በኋላ ይገባችኋል።

ገመዱ ላይም በየ10 ሜትሩ የቀለም ክር ይሰፋ። ምልክት በሌለው ገመድ «ብዙ ለቅቄያለሁ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ከሚያስበው ያነሰ ነው የለቀቀው።

3. ብረቱን ከወለሉ ጋር አዛምዱ

ብዙ ቦታ አሁንም ድንጋይ በገመድ አስሮ መጣል የተለመደ ነው። ለትንሽ ታንኳ፣ ለጸጥተኛ ጠዋት፣ ችግር የለውም። ትልቅ ጀልባ ላይ ግን ሒሳቡ አያዋጣም። 20 ኪሎ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ 12.5 ኪሎ ይቀንሳል፤ 20 ኪሎ ኮንክሪት ከ12 ኪሎ በታች ይሆናል። ብረት ብቻ ነው ብዙም የማይጎድልበት፤ 20 ኪሎው ከ17 ኪሎ በላይ ሆኖ ይቀራል። የተጋደመ ድንጋይ በጠንካራ ወለል ላይ ለመንሸራተት የሚጠይቀው ጉልበት ደግሞ ከዚያ ክብደት ግማሽ ያህሉን ነው፣ 6 ኪሎ በሉት።

በሌላ በኩል 6 ሜትር የሆነ የፋይበር ጀልባ ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ ሲቆም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ በ15 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይገፋዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 60 ኪሎ ይሆናል። ማዕበሉ አፍንጫውን ሲያነሣውና ሲጥለው የሚፈጠረው መንጨት ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ጎኑን ለነፋስ የሰጠ ጀልባማ የባሰ ነው። ድንጋዩ የት እንደሚቀር ከዚህ ይታያል። በደንብ የተቀበረ መልህቅ ግን ከራሱ ክብደት 20 እጥፍና ከዚያም በላይ ይይዛል።

አሁን ወለሉ ምን እንደሆነ ሞራው ነግሯችኋል።

አሸዋና ጠንከር ያለ ጭቃ ሲሆን ሁለት ሰፋፊ ጠፍጣፋ ጥፍሮች ያሉት፣ ግንዱ (ረጅሙ እጀታው) ላይ የሚታጠፍ መልህቅ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሠራውና በሠሪው ስም ዳንፎርዝ የሚባለው ነው። ለክብደቱ ከሁሉም የበለጠ ይይዛል፣ ሲታጠፍም ጠፍጣፋ ስለሆነ ጀልባ ላይ ቦታ አይፈጅም። ጉድለቱ ሁለት ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ጀልባው ሲዞር ተነቅሎ መልሶ ላይተከል ይችላል፤ በጥፍሮቹ መካከል አንዲት ድንጋይ ወይም የእንጨት ቁራጭ ከገባችም መታጠፊያው ይደፈንና ብረቱ እንዲያው መጎተት ይጀምራል። ነፋሱ በሚዟዟርበት ሐይቅ ላይ ለአዳር አንመክረውም።

ወለሉ የተቀላቀለ ሲሆን፣ ወይም ጀልባው ብዙ ቦታ የሚሄድ ከሆነ፣ ማረሻ መሰሉን መያዝ ይሻላል። ጀልባው ሲዞር አብሮ ይዞራል እንጂ አይነቀልም። ከእሱ በኋላ የመጡት ማንኪያ መሰል ስለት ያላቸው መልህቆች ደግሞ ቶሎ ይቀበራሉ፤ አንዳንዶቹ በጎናቸው ቢወድቁ መልሶ የሚገለብጣቸው ቀስት የመሰለ ብረት ከላይ አላቸው። ዋጋቸው ውድ ነው፣ ግን ለአዳር ከተገኙ እነሱ ይቅደሙ። ባለ ሦስት ጣቱ ብሩስ የሚባለው ዓለት ላይና ጠጠር ላይ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ጭቃ ላይ ክብደቱን ያህል አይሠራም።

እንደ ሊጥ የለሰለሰ ደለል ሌላ ችግር ነው። ቀጭን ጥፍር እንደ ቢላዋ ቆርጦት ያልፋል። እዚህ የሚፈለገው ስፋት ነው፣ ስለዚህ የጥፍሩ ገጽ ሰፊ የሆነው ዳንፎርዝ እንደገና ይቀድማል። እንጉዳይ መሰሉ ክብ መልህቅ ለደለል ነው ሲባል ይሰማል፤ እውነት ነው፣ ግን ደለሉ ውስጥ ለመስመጥ ሳምንታትና ወራት ያስፈልጉታል። ለቋሚ ማሰሪያ እንጂ ጠዋት ተጥሎ ማታ ለሚነሣ ጀልባ አይደለም።

ዓለት ወይም በውሃ ውስጥ የቀረ ጉቶና ግንድ ካለ፣ በሰው ሠራሽ ሐይቆች ላይ ይህ የታወቀ ነው፣ መያዝ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ማንሣት ነው። ለዚህ ውድ መልህቅ አይጣልም። ማንኛውም ብየዳ ቤት የሚሠራው ባለ ብዙ ጥፍር መንጠቆ ይበቃል። 40 ሴንቲሜትር የሆነ ባለ 1 ኢንች የውሃ ቱቦ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር የሆኑ 4 ፌሮዎች ይዘጋጃሉ። ፌሮዎቹ በቱቦው ውስጥ አልፈው ከታች በኩል ወደ ውጭና ወደ ላይ ይታጠፋሉ፤ የእያንዳንዱ ክንድ ርዝመት 20 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን። ከላይ የቀረው ጫፋቸው አንድ ላይ ተሰብስቦ በቀለበት ይበየዳል። በ10 ሚሊሜትር ፌሮ ሲሠራ ሁሉ ነገሩ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል።

ፌሮው ቀጭን የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ስንጥቅ ውስጥ ሲቀረቀር በጀልባው ጉልበት ሲሳብ ክንዶቹ ተዘርግተው ይለቃሉ፤ ጀልባ ላይ መልሶ በመዶሻ ማጠፍ ነው። ለከበደ ጀልባ 12 ሚሊሜትር ይሁን። 14 እና 16 ሚሊሜትር «ለጥንካሬ» ያስገባ ሰው መንጠቆውን ከገመዱ ጋር ሐይቁ ውስጥ ትቶ ይመጣል። ክንዱ የሚዘረጋ መሆኑ ደግሞ በኃይለኛ ነፋስ ይዘረጋል ማለት ስለሆነ ይህ ሰው ነቅቶ ለሚጠብቀው የቀን ሥራ ብቻ ነው።

ስለ ሶዳማ ውሃ አንድ ነገር፦ ሻላንና የቢሾፍቱን ጨምሮ ብዙ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ሐይቆች ውሃቸው ሶዳ ይበዛዋል። ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል። ቀላል የአሉሚኒየም መልህቅ አምጥቶ እዚያ ነክሮ ማሳደር ብክነት ነው፤ ዚንክ የተለበጠ ብረት ይሁን።

4. ኪሎውና ሰንሰለቱ

ጀልባው 4 ሜትር አካባቢ ከሆነ ከ3 እስከ 4 ኪሎ፣ ከ5 እስከ 6 ሜትር ከሆነ ከ5 እስከ 7 ኪሎ፣ ከ7 እስከ 8 ሜትር ከሆነ 10 ኪሎ መልህቅ ይያዝ። ጣሪያ ወይም ድንኳን ያለው የሽርሽር ጀልባ ነፋስ ስለሚሰበስብ አንድ ደረጃ ከፍ ይበል። በሁለት መጠን መካከል የሚያመነታ ሰው ትልቁን ይውሰድ፤ ግን ለትልቁ ብሎ ገመዱን ካሳጠረ ምንም አላተረፈም።

በመልህቁና በገመዱ መካከል ሰንሰለት መግባት አለበት። ሥራው ሁለት ነው፦ የመልህቁን ግንድ ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ ገመዱም በድንጋይ እንዳይበላ ይከላከላል። ርዝመቱ ከጀልባው ርዝመት ጋር እኩል ይሁን፤ 6 ሜትር ጀልባ ከሆነ 6 ሜትር ሰንሰለት። 8 ሚሊሜትር ሰንሰለት በሜትር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 6 ሜትሩ 8 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ለአነስተኛ ጀልባ 6 ሚሊሜትሩ በሜትር 0.8 ኪሎ ስለሆነ ይቀላል።

ሙሉ በሙሉ ሰንሰለት የሚጠቀሙ ትላልቅ መርከቦችን አይቶ መቅዳት ጥልቅ ሐይቅ ላይ አያዋጣም። በ30 ሜትር ውሃ 4 እጥፍ ብቻ ቢለቀቅ 120 ሜትር ነው፤ ያ በ8 ሚሊሜትር ወደ 170 ኪሎ ይደርሳል። የትንሽ ጀልባ አፍንጫ ውሃ ውስጥ ይገባል።

መገጣጠሚያዎቹ ላይ አትቸኩሉ፤ መልህቅ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ሰንሰለቱ ከመልህቁ ጋር የሚያያዝበት ባለ ብሎን ቀለበት ከሰንሰለቱ አንድ ቁጥር ወፈር ይበል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ በቀጭን ሽቦ ከቀለበቱ ጋር ይታሰር፤ ካልታሰረ በየማዕበሉ እየተነቀነቀ ራሱ ይፈታል። ገመዱ ሰንሰለቱን በሚይዝበት ዓይን ውስጥ ጎድጓዳ የብረት ቀለበት ይግባ፣ አለዚያ ብረቱ ናይሎኑን እየጋዘ ይቆርጠዋል። የገመዱ ሌላ ጫፍ ደግሞ መልህቁ ከመጣሉ በፊት ከጀልባው ጋር ይታሰር። በጥልቅ ውሃ ላይ ገመዱ ተስቦ አልቆ ጫፉ ሲጠፋ ያየ ሰው ይህን ለመናገር አያፍርም።

5. አጣጣል

ሀ) ገመዱ ከሚታሰረው ጫፍ ጀምሮ ሰፊ ባልዲ ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ዝም ብሎ እየተጨመረ ይከማች። ተጠምጥሞ የተቀመጠ ገመድ ሲለቀቅ ይቋጠራል፤ ተዝረክርኮ የገባ ይወጣል።

ለ) ጀልባው ሊቆም ከተፈለገበት ቦታ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ከሚለቀቀው ገመድ ርዝመት ትንሽ ባነሰ ርቀት አልፎ ይሂድና አፍንጫውን ለነፋስ ሰጥቶ ይቁም።

ሐ) መልህቁ አይወረወርም፤ በቀስታ ይወርዳል። ሲወረወር ሰንሰለቱ በጥፍሩ ላይ ይጠመጠማል። ገመዱ በእጅ መዳፍ ሳይሆን በማሰሪያው ብረት ላይ አንድ ዙር ዞሮ ይለቀቅ። እግር የተለቀቀ ገመድ መሐል እንዳይቆም።

መ) መልህቁ ወለሉን ሲነካ ጀልባው በነፋስ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ገመዱም ሳይከማች ይከተለው። 3 እጥፍ ላይ ሲደርስ ለስለስ ብሎ ይያዝ፣ ጥፍሩ ይግባ፤ ከዚያ እስከ 5 ወይም 7 እጥፍ ይለቀቅ።

ሠ) ሞተር ካለ በዝግታ ወደ ኋላ ለግማሽ ደቂቃ ይጎተት። ገመዱ ላይ እጅ ሲደረግ ጸጥ ብሎ ከተወጠረ ይዟል፤ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ብረቱ እየተጎተተ ነው።

ረ) ዳር ላይ አንዱ ከአንዱ በስተኋላ ያሉ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ ዛፍና ከኋላው ያለ ቤት፣ በአንድ መስመር ይመረጡ። መስመሩ ከተዛባና ካልተመለሰ ጀልባው እየሄደ ነው። መጀመሪያ ገመድ ይጨመር። ያ ካልረዳ ሁሉም ተነሥቶ እንደገና ይጣል፤ በጥፍሩ ላይ ሣር ወይም ጭቃ ኳስ ሆኖ ይገኛል።

ገመዱ የሚታሰረው በአፍንጫው ብቻ ነው። በኋላ ወይም በጎን ማሰር ጀልባ ይገለብጣል፤ የኋላው ጠርዝ ዝቅ ያለ ከመሆኑም በላይ የሞተሩ ክብደት እዚያው ነው፣ አንድ ማዕበል ይበቃዋል። አጠገቡም ስለት ያለው ቢላዋ ይኑር።

ጀልባው የሚዞርበትን ክብም አስቡ። በ13 ሜትሩ ምሳሌ 65 ሜትር ገመድ የለቀቀ ጀልባ ከራሱ ርዝመት ጋር ወደ 70 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ይዞራል። ጠባብ በሆነ ሐይቅ ላይ ነፋሱ ሲዞር ዳሩ ላይ ያሳርፈዋል።

6. ቁልቁለት ላይ

እንደ ባቦጋያ ባለ ገደል ዳር ባለው ሐይቅ ክቡም ቁልቁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። ደንቡ ይህ ነው፦ በወለሉ ላይ ወደ ቁልቁለቱ የተጎተተ መልህቅ ይነቀላል፣ ወደ ዳገቱ የተጎተተ ይቀበራል። መልህቁን ዳር ላይ ጥሎ ወደ ጥልቁ የሚያፈገፍግ ጀልባ ነፋስ ከዳር ሲመጣ መልህቁ ከጠርዙ ይወርድና ወለል አልባ ሆኖ ይንጠለጠላል።

ስለዚህ አገልብጡት። መልህቁ ወደ ጥልቁ በኩል፣ 15 ወይም 20 ሜትር ላይ ይጣል። ጀልባው ወደ ዳር እየቀረበ ገመዱን ይልቀቅ፣ ከዚያ ከኋላው ሁለተኛ ገመድ ዳር ላይ ካለ ጠንካራ ዛፍ ወይም ዓለት ጋር ይታሰር። ከዛፉ ልጥ ጋር የሚገናኘው ቦታ ላይ ጆንያ ይጠምጠምበት፤ ዛፉንም ገመዱንም ያድናል። ሁለቱ ሲወጠሩ መልህቁ የሚሳበው ወደ ዳገቱ ብቻ ስለሆነ ከሜዳው ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፣ ጀልባውም አይዞርም። ከኋላ አትሰሩ ያልነው እዚህ ላይ አይሠራም፣ ምክንያቱም ዋናው ጫና በአፍንጫው ላይ ነው፤ ነፋሱ ከኋላ በኩል ከበረታ ግን የዳሩን ገመድ ፈትቶ መውጣት ነው። በዚህ አሠራር 3 እጥፍ ገመድ ይበቃል።

7. ከጥልቅ ማንሣት

7 ኪሎ መልህቅና 6 ሜትር ወፍራም ሰንሰለት ውሃ ውስጥ 13 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናሉ፤ ጭቃው ይጨመርበታል። ጀልባው በዝግታ ወደ መልህቁ እየሄደ ገመዱ ይሰብሰብ፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም አፍንጫው ላይ ይታሰርና ማዕበሉ ራሱ ይንቀለው። ጀልባውን በገመዱ ወደ መልህቁ መሳብ ከንቱ ድካም ነው።

ሞተር ላለው ሌላ ዘዴ አለ። ገመዱ በሰፊ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፣ ቀለበቱ ላይ በደንብ የተከደነ ባዶ 20 ሊትር ጀሪካን ይታሰራል። ጀሪካኑ ወደ 19 ኪሎ ያነሣል፣ ከብረቱ ክብደት ይበልጣል ማለት ነው። ጀልባው ከገመዱ ጎን በኩል ራቅ ብሎ ወደፊት ሲሄድ ጀሪካኑ ውሃው ላይ ቆሞ ገመዱ በቀለበቱ ውስጥ ይሮጣል፣ መልህቁም ከታች ወጥቶ ጀሪካኑ ሥር ይንጠለጠላል። ከዚያ ተመልሶ ተንሳፋፊውን መሰብሰብ ነው። የሚፈራው ገመዱ የሞተሩን መዘውር መጠምጠሙ ስለሆነ መዞሪያው ሰፊ ይሁን፣ አንድ ሰው ገመዱን ብቻ ይጠብቅ። ዓለትና ጉቶ ባለበት ይህን አትሞክሩ።

ለተቀረቀረ መልህቅ መድኃኒቱ ከመጣሉ በፊት ነው የሚዘጋጀው። ሰንሰለቱ በግንዱ ራስ ሳይሆን ጥፍሮቹ በሚጋጠሙበት በታችኛው ጫፍ ይያያዛል፣ ከዚያ በግንዱ ላይ ተደርጎ ራሱ ጋ በቀጭን ሲባጎ ይታሰራል። በተለመደው ጊዜ ሲባጎው ይችላል። ሲቀረቀር በኃይል ሲሳብ ሲባጎው ይበጠስና ስቡ ከታች በኩል ስለሚመጣ ጥፍሩ በመጣበት ይወጣል። ሲባጎው ሳይታሰብ ሊበጠስ ስለሚችል ለአዳር አይሆንም። ምንም ካልሠራ ገመዱ ይቆረጥ። ለመልህቅ ብሎ ጠልቆ መግባት የለም፤ ጫሞ ላይ አዞ፣ ሌሎች ብዙ ሐይቆች ላይ ብልሃርዝያ አለ።

8. መልህቅ የማይሆንበት ቦታ

ውሃው ከ40 ወይም 50 ሜትር ካለፈ ለትንሽ ጀልባ መልህቁን ትቶ የውሃ ጃንጥላ ማውረድ ይሻላል። ከጠንካራ ሸራ የተሰፋ እንደ ቀፎ የሚሾጥ ከረጢት ነው። ከ5 እስከ 6 ሜትር ለሚሆን ጀልባ ትልቁ አፉ 1 ሜትር ገደማ፣ ጭራው ላይ ያለው ቀዳዳ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይሁን። አፉ ዙሪያ በአራት ገመድ ተይዞ በ15 ወይም 20 ሜትር ገመድ ከአፍንጫው ይታሰራል። አፉ ሥር ትንሽ ክብደት ካልተደረገበት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጀልባውን አያቆመውም፤ አፍንጫውን ለማዕበሉ አዙሮ የሚሄድበትን ፍጥነት በጣም ይቀንሰዋል። ሞተር ቢጠፋም ማዕበል በጎን እንዳይመታችሁ የሚያደርገው ይኸው ነው። ለማንሣት ከጭራው የሚመጣ ሁለተኛ ቀጭን ገመድ ይታሰርበት፤ በአፉ በኩል የሚሳብ ከሆነ ውሃ እንደሞላ ስለሚመጣ ሁለት ሰውም አያነሣውም። ይህ ሁለተኛው ገመድ ከዋናው 5 ሜትር ያህል ይርዘም፣ ካጠረ ከረጢቱን ገልብጦ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።